ሰባተኛው ፖስታ

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከተማው ተሰለፈ። ለመምረጥ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ገና ነው። ሰው የተሰለፈው ባንክ በር ላይ፣ ዘይትና ስኳር የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ፣ ነዳጅ ማደያ በር ላይ ነበር። ምን ሊመጣ ነው ቢባል የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም የሚያውቀው ጎረቤቱ መሰለፉን ብቻ ነው፤ እሱም በቂ ምክንያት ሆኖ ተገኘ።

ጡረተኛዋ ደመወዝ ከፋይ ግን አልተሰለፈችም። ቅዳሜ ጠዋት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሄዳ አንድ እሽግ ፖስታ፣ አንድ ማጣበቂያና ሁለት ሰማያዊ እስክሪብቶ ገዝታ ተመለሰች። ደረጃውን ወጥታ ቤቷ ገባች፣ የምግብ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ አደረቀች፣ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። ልክ በሥራ ዘመኗ የወር መጨረሻ እንደሚሆነው ማለት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝ ከፍላለች። በየወሩ ስድስት መቶ አርባ ፖስታ፣ አንዱም ከአንዱ ሳይምታታ። ሰፈሩም «እትዬ ከፋይ» ከማለት ሌላ ስም አያውቅላትም። ምርጫ የሚሉት ነገር ለኪስ ምን እንደሆነ ያየችው እዚያው ፋብሪካ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ምርጫ ሰሞን ባንኮች አሥራ ሁለት ቀን ተዘግተው፣ የሠራተኛው ደመወዝ ከወር በላይ ዘገየ። ያኔ ሁለት ዓይነት ሰው ተጎዳ። አንዱ ያለውን ሁሉ ባንክ ትቶ ለዳቦ ያጣ ነው። ሌላው ያለውን ሁሉ አውጥቶ ፍራሽ ሥር ያደረገና በሁለት ሳምንት በፍርሃት የጨረሰው ነው። እሷ ሁለቱንም መሆን አልፈለገችም። ስለዚህ ሰው ሳይደናገጥ፣ የባንኩ ጸሐፊ እያዛጋች በምትሠራበት በወሩ አጋማሽ፣ በሦስት ዙር ሄዳ ከቁጠባቸው ግማሹን አወጣች። የቀረው ግማሽ አይነካም አለች። እሷ አይነካም ካለች አይነካም።

ባሏ ሚዛን ጠጋኝ ነበር። እሱም ጡረተኛ ነው፤ ግን ሚዛን ጠጋኝ ጡረታ የሚወጣው ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከሚዛኑ አይደለም። የናስ ክብደቶቹን በእንጨት ሣጥናቸው፣ ትንሿን ሚዛኑንም በመስኮቱ ደፍ ላይ አኑሯቸዋል። ዳቦ ሲገባ ይመዝናል። ስኳር ሲገባ ይመዝናል። አንድ ጊዜ ከፖስታ ቤት የመጣ ደብዳቤ መዝኖ «ቴምብሩ በዝቶበታል» ብሎ ፖስታ ቤቱን ሊከስ ምንም አልቀረው።

«ፖስታው የአንቺ ነው» አላት ያን ቅዳሜ፣ ሻዩን ይዞ አጠገቧ እየተቀመጠ። «ሚዛኑ ደግሞ የእኔ። ቤት ያለው ነገር ስንት እንደሆነና በሳምንት ስንት እንደሚጎድል እኔ እይዛለሁ።»

«ያዝ። ብቻ ጠረጴዛዬን እንዳትነካ።»

«አልነካም፣ የእኔ ካሸር።»

ዕለቱኑ ሩዙን፣ ምስሩን፣ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን ሳይቀር መዘነ። የመድኃኒት መደርደሪያውንም አልማረም። ቁጥሩን ሁሉ በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በደቃቃ የጉንዳን ጽሑፍ፣ በየቅዳሜው ሳጥን ውስጥ መጻፍ ጀመረ።

እሷ ብሩን ደረደረች። ሠላሳ ስምንት ሺህ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ አሥራ አራት ሺህ፤ አንደኛ ፖስታ። አስቤዛ አሥር ሺህ። መብራትና ውሃ አንድ ሺህ አምስት መቶ። የእሱ የአስም መድኃኒት ሦስት ሺህ። የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ስድስተኛው «ያልታሰበ» የሚል ነው፤ ስድስት ሺህ። ሰባተኛው ፖስታ ላይ ጽፋ ነበር፣ የራሷን የደም ግፊት ኪኒን፣ የሁለት ወር፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። ደመረችው። ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ መጣ። እንደገና ደመረችው፤ ያው መጣ።

አንድ ሺህ ስምንት መቶ ጉድለት።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ባንክ ይሄድ ነበር፣ ወይም ካልታሰበው ላይ ይቀንስ ነበር። እሷ ግን ደመወዝ ከፋይ ናት። በገንዘብ ቤት ሕግ የከፋይዋ ፖስታ የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቆጠራው ከጎደለ ጉድለቱ የእሷ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ወር ጎዶሎ ደመወዝ ይዛ ቤቷ እንደገባች ራሷ ታውቃለች። እጇ ስለለመደው ብዙም አላሰበችበትም። ሰባተኛውን ፖስታ ቀዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። በመደርደሪያው ላይ አንድ ብልቃጥ ሙሉ፣ ሠላሳ ኪኒን ነበራት። በግማሽ ከተከፈለ ሠላሳው ስልሳ ቀን ይሄዳል። ሒሳቡ ሞላ። ዶክተሩ በቀን አንድ ሙሉ ማለቱን ልቧ አላጣውም፤ ግን ዶክተሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አልደመረም።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸውና አማቻቸው መጡ። ልጅቷ አስተማሪ ናት፣ አማቹ የታክሲ ሹፌር። እሱም ለምርጫው የራሱን ዝግጅት አድርጓል።

«እማማ፣ ጎማ ገዛሁ» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ምን ገዛህ?»

«ጎማ። ስድስት አዲስ ጎማ። ብር ይረክሳል፣ ጎማ አይረክስም። ያለንን ሁሉ ጎማ ላይ ነው ያደረግኩት።»

ልጅቷ ጣሪያውን አየች። ለአንድ ሳምንት ከጎማዎቹ ጋር መኝታ ቤት ውስጥ እንዳደረች ያስታውቃል።

«እኛ ደግሞ ፖስታ ገዛን» አለች ከፋይዋ። ቀጥላም ደንቡን ነገረቻቸው። ፖስታዎቹ ታሽገዋል፣ መዝጊያቸው ላይ ፈርማበታለች፣ በቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ከማንኛውም ፖስታ ብር የሚያወጣ ሰው፣ እሷም ብትሆን፣ የወጪ ማዘዣ ይሞላል። ማዘዣውንም በመስመር አስምራ አዘጋጅታለች፤ ቀን፣ ከየትኛው ፖስታ፣ ልኩ በአሃዝ፣ ልኩ በፊደል፣ ምክንያት፣ የወሰደው ሰው ፊርማ፣ ያጸደቀው።

አማቹ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እማማ፣ ይሄ እኮ ቤት ነው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አይደለም። ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ማመልከቻ ልናስገባ ነው?»

«በሁለት ኮፒ» አለ ሚዛን ጠጋኙ፣ ፊቱን ሳይፈታ። እሱ ብቻ አንድ ማዘዣ አንስቶ ከዳር እስከ ዳር በጥሞና አነበበው።

ቀኖቹ አለፉ። መኪኖች በድምፅ ማጉያ እየጮሁ ሄዱ፣ ግድግዳዎች ፎቶ በፎቶ ሆኑ፣ ሰው በየደረጃው ቆሞ አወራ። እነሱ ቤት ግን ጸጥታ ነበር። ከፋይዋ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ከኩሽና ሲወጣ ኪኒኗን በቢላ ለሁለት ትከፍላለች፤ ግማሹን ትውጣለች፣ ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ለነገ ወደ ብልቃጡ ትመልሳለች። በሁለተኛው ሳምንት ደረጃ ስትወጣ ጆሮዋ ውስጥ አንዳች ነገር ይጮህ ጀመር። በእያንዳንዱ ፎቅ እንደ ማረፍ እያለች ጎረቤቶችን የጤናቸውን ነገር ትጠይቃለች። ሰዎቹ ምን ሰው አክባሪ ሆነች አሉ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከውጭ ስትገባ ባሏ ሚዛኑን ብትንትኑን አውጥቶ ጋዜጣ ላይ አንጥፎት አገኘችው።

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«የጠረጠርኩት ነገር አለ። አንድ ቦታ ላይ ልክ አልሰጠኝም።»

«አገር ስለ ምርጫ ያስባል፣ አንተ ብሎን ትቆጥራለህ።»

«ብሎኑ ልክ ካልሆነ ምርጫውም ልክ አይሆንም» ብሎ በዘይት የነከረ ጨርቁን አነሳ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ «አንቺ ግን ደህና ነሽ?» አላት።

«ምን እሆናለሁ?»

«እንዲያው ነው።»

የምርጫው ዕለት ማለዳ አብረው ሄደው ተሰለፉ፤ መረጡ፤ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ተመለሱ። ማን ማንን እንደመረጠ አልተጠያየቁም፤ አርባ ዓመት የቆየ ትዳር እንዲሁ አይቆይም። ውጤቱ ይነገራል የተባለው ማክሰኞ ነበር፤ ሳይነገር ሐሙስ ሆነ። ረቡዕ ባንኮች «ኔትወርክ የለም» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ነዳጅ ጠፋ። ጡረታቸው መግባት በነበረበት ቀን አልገባም። የጥይት ድምፅ የለም፣ ጩኸት የለም፤ ከተማው ትንፋሹን ይዞ ቁጭ አለ እንጂ። አከራያቸው ሲመጣ ከአንደኛው ፖስታ ተከፈለው። የአስም መድኃኒቱ ተገዛ። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ። በየጊዜው ማዘዣ ተሞላ፣ ተፈረመ። ከፋይዋ ለማንም ባትናገርም በሆዷ ኮርታለች፤ ደግሞስ ለምን አትኮራ? ፎቁ ሙሉ ሰው ሲበዳደር እነሱ ቤት ዳቦ አልጎደለም።

ከምርጫው በኋላ በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ባሏ በጠዋት ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ። ዳቦ ቤቱ ማዕዘኑ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ሆነው፣ ሁለት ሰዓት ሆነው፤ አልመጣም። ከመስኮቱ ወደ ታች ስታይ፣ ስትቀመጥ፣ ስታይ፣ በሩ ተንኳኳ። ሮጣ ከፈተች። አማቿ ነው።

የወትሮው ሰው አልነበረም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ተቸግሬ ነው የመጣሁት።»

«ግባና ተናገር።»

«ነዳጅ ከጠፋ አራት ቀኔ ነው፤ መኪናዋ ቆማለች። ጎማውን የሚገዛኝ አጣሁ፤ መኪና ሳይሄድ ማን ጎማ ይገዛል? አከራያችን ደግሞ እስከ ማታ ኪራዩን ካላመጣህ ዕቃህን አወጣዋለሁ አለችኝ። አራት ሺህ ነው። ልጅዎ እንዳትሰማ ነው ብቻዬን የመጣሁት።»

ከፋይዋ ስለ ጎማ ማለት የምትችለው ነገር ምላሷ ላይ ሞልቶ ነበር፤ ዋጠችው። ይህ ነው ያልታሰበ ማለት። መሳቢያውን ሳበች፣ ስድስተኛውን ፖስታ አወጣች። መዝጊያው ላይ ያለው ፊርማዋ እንዳለ ነው። ቀደደችው፣ ብሩን በአውራ ጣቷ እየላጠች ቆጠረች።

አራት ሺህ ሁለት መቶ።

እንደገና ቆጠረች። አራት ሺህ ሁለት መቶ። ፖስታውን ገልብጣ ስታየው ከታች በኩል ተከፍቶ፣ እጅግ በጥንቃቄ፣ መልሶ ተጣብቋል። ቤቱ ውስጥ ሌባ አልገባም። የሚገባው ሰው ይታወቃል። ባለፈው እሑድ አማቿ የቁም ሣጥኑን በር ሊያስተካክል እዚህ ክፍል ለብቻው ግማሽ ሰዓት ቆይቷል። ጎማ የገዛ ሰው። በማዘዣው የሳቀ ሰው። ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኑን ሰበረ። ዓይን መስበሩ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ደሟ ወደ ራሷ ወጣ፣ ጆሮዋ ጮኸ፣ አፏን ከፈተች።

አልተናገረችም። ያዳናት የድሮው ገንዘብ ቤት ነው። አንድ ጊዜ ካዝና ጎድሎ ሁሉም ጣቱን በአንድ ተላላኪ ላይ ቀሰረ። ሰውየው ሁለት ቀን አንገቱን ደፍቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን የጎደለው ብር ከሌላ እሽግ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ይቅርታ ተጠየቀ፤ ግን ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሻይ አብሯቸው ጠጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ለራሷ፣ ሦስቴ ሳልቆጥር ሰው በሌብነት አልቆጥርም ብላለች።

ሦስተኛ ልትቆጥር ፖስታውን አፉን ገልጣ አራገፈችው። ከውስጡ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ወደቀ። በመስመር የተሰመረ፣ የእሷው የወጪ ማዘዣ።

ቀን፣ የዛሬ። ከየትኛው ፖስታ፣ «ያልታሰበ»። ልኩ በአሃዝ፣ 1,800። ጽሑፉ የጉንዳን ጽሑፍ ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ እንዲህ ይላል፦

«የኪኒኑ ብልቃጥ በሳምንት የሰባት ኪኒን መቅለል ሲገባው የሦስት ተኩል ብቻ ነው የቀለለው። በመጀመሪያው ሳምንት ረስታ ነው አልኩ። በሁለተኛው ሚዛኑን ጠረጠርኩና ፈትቼ አስተካከልኩት። በሦስተኛውም ያው ሆነ። ዛሬ ማለዳ አራተኛ ጊዜ መዘንኩ። ሚዛኑ ልክ ነው።»

ከፋይዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለ አማቿ ደንግጦ። «ከሌለ ይቅር፣ ግዴለም፣ አንዱን ጎማ በርካሽም ቢሆን...»

«አለ» አለች። «አለ የእኔ ልጅ። ቁጭ በል።» የእኔ ልጅ ብላው አታውቅም ነበር። ከደቂቃ በፊት በልቧ ሌባ ያደረገችውን ሰው ፊት ማየት አቅቷት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር። ከዚያ አራት ሺህ ቆጥራ ሰጠችው፣ ማዘዣና እስክሪብቶም ሰጠችው። አማቹ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ተማሪ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ እስከ መጨረሻው መስመር ሞላው።

እሱ ወጥቶ ደረጃው ላይ ኮቴው ሳይጠፋ ባሏ ገባ። አንድ ዳቦ በብብቱ ይዟል፤ ደረቱ ያፏጫል።

«ዳቦ ቤቱ ሩቅ ሄዷል መሰለኝ» አለችው።

«ስድስት ፋርማሲ ነው የዞርኩት። አምስቱ የለንም አሉ።» ከኮቱ ኪስ ሁለት ብልቃጥ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱን ካንዱ አስተካክሎ፣ አቆማቸው። ደረሰኙን አጠገቡ አስቀመጠ። «ልክ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። መልስ የለውም።»

«በአስምህ ይሄን ሁሉ ደረጃ...»

«የእኔማ መድኃኒት ፖስታ አለው» አለ። ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «የሁላችንም አለው። የልጅ ልጅሽ አለው፣ መብራቱ እንኳ አለው። ያንቺን ፈለግኩ፤ አጣሁ።»

«ጎደለ እኮ። ቆጠራው ጎደለ። ጉድለት ደግሞ...»

«የከፋይዋ ነው። አውቃለሁ፤ ያንን ጎዶሎ ደመወዝ አብሬሽ አይደል ስበላ የኖርኩት?» ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ፋብሪካው ቢጎድልብሽ ሌላ ከፋይ ይቀጥር ነበር። እኔ ከየት አመጣለሁ?»

አርባ ዓመት ሙሉ ሚዛኑ እንዳይሳሳት እንጂ ለሌላ ነገር የማይጨነቅ የመሰላት ሰው፣ እሷን ከመጠርጠሩ በፊት ሚዛኑን ፈትቶ ጠርጥሯል። ለዚህ ምን እንደሚባል ስላላወቀች ማዘዣውን ወደ ብርሃኑ አቅርባ አየችው።

«ይሄ ትክክል አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ልኩ በፊደል አልተጻፈም። በፊደል ያልተጻፈ ማዘዣ አላጸድቅም።»

«እየቸኮልኩ ስለነበር ነው። አምጪው ልጻፈው።»

«ተወው።»

ተነስታ መደርደሪያው ዘንድ ሄደች። ከብልቃጡ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለውን የነገን ግማሽ አወጣች። ባሏ እያያት በውሃ ዋጠችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሰማያዊውን እስክሪብቶ አነሳችና በባዶው መስመር ላይ በራሷ እጅ «አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር ብቻ» ብላ ጻፈች፤ ያጸደቀው በሚለው ላይም ፈረመች። ከእሽጉ አንድ አዲስ ፖስታ መዛ ሁለቱን ብልቃጥ ከተተችበት፤ አልዘጋም አላት፤ እንዲያው አፉን እንደከፈተ ከሌሎቹ ፊት፣ አንደኛ ላይ፣ አስቀመጠችው።

ሚዛን ጠጋኙ ዳቦውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ሊመዝን።